የግራዋ ኤክስትራክት ዶዙ ሲጨምር የሞተው ሴል «ይነሳል» እንዴ? ኤምቲቲ የሠራችሁ እርዱኝ

የግራዋ_ልጅ (ሐዋሳ) ሰኞ ማታ

ሰላም ለሁላችሁ፣ ላብ የምትሠሩ ካላችሁ እባካችሁ ጨርሳችሁ አንብቡልኝ ትንሽ ይረዝማል። ሐዋሳ ነኝ፣ ማስተርሴን እየጨረስኩ ነው፣ ቴሲሴ የግራዋ ቅጠል የጡት ካንሰር ሴል ላይ ምን ያረጋል የሚል ነው። ግራዋን የማያውቅ የለም መቼም፣ አያቴ የጠላ ጋን የምታጥበው በሱ ነው፣ ሆዳችንን ሲያመን አሽታ ጨምቃ የምታጠጣንም እሱን ነው። ቅጠሉን የለቀምኩትም ከሷ ጓሮ ነው፣ ወንዶ ገነት አካባቢ። ጥላ ላይ አድርቄ ፈጨሁት፣ ሜታኖል ውስጥ ሦስት ቀን ዘፈዘፍኩት፣ ከዛ ሜታኖሉ በሮታሪ ተንኖ ሲያልቅ የቀረልኝ ጥቁር አረንጓዴ፣ ሬንጅ የመሰለ፣ ስፓቱላ ላይ ተጣብቆ አልላቀቅ የሚል ነገር ነው፣ ክዳኑን ስትከፍቱት ሽታው ራሱ ይመራል።

እኛ ጋ የሴል ከልቸር ስለሌለ አዲስ አበባ አንድ ላብ ሁለት ሳምንት ተፈቀደልኝና ኤክስትራክቴን ይዤ ሄድኩ። የመጀመሪያው ሳምንት ሴሉን በማሳደግ አለቀ፣ በዛ ላይ አንድ ሌሊት መብራት ጠፍቶ ጄኔሬተሩ እስኪነሳ ኢንኩቤተሩ ቀዝቅዞ አንድ ፍላስክ ሞተብኝ። በቀረው ኤምሲኤፍ-7 (የጡት ካንሰር ሴል ነው) ላይ ኤምቲቲ፣ ማለትም ስንት ሴል በሕይወት እንዳለ በቀለም የሚያሳየውን ምርመራ፣ ሠራሁ። ዶዙ ከ15.6 ጀምሮ እጥፍ እጥፍ እየሆነ እስከ 500 ማይክሮግራም በሚሊ ይሄዳል፣ 48 ሰዓት ቆየ።

ውጤቱ ይኸው። 31 ላይ በሕይወት ያለው ሴል 82 ፐርሰንት፣ 62.5 ላይ 57፣ 125 ላይ 46። እዚህ ድረስ ደስታዬን አልችለውም ነበር። 250 ላይ ወደ 71 ወጣ። 500 ላይ 112!! ምንም ካልነካው ኮንትሮል በላይ ማለት ነው። ሦስቱም ዌል (የፕሌቱ ጉድጓዶች) ተመሳሳይ ስለሆነ የፒፔት ስህተት ነው እንዳልል አልቻልኩም።

የሚያናድደኝ ደግሞ ኤምቲቲውን ከመጨመሬ በፊት በማይክሮስኮፕ አይቻቸው ነበር። 500 ላይ ያሉት ሴሎች ከፕሌቱ ተላቀው፣ ተኮማትረው፣ ክብ ክብ ሆነው ሚዲያው (የሚያድጉበት ፈሳሽ) ላይ ነው የሚንሳፈፉት፣ ፕሌቱን ነካ ሳረገው እንደ አቧራ ይዋልላሉ። እንደዛ የሆነ ሴል እንዴት 112 ፐርሰንት ይሆናል? አድቫይዘሬ «ሁለቱን ትልልቅ ዶዝ አውጪያቸውና ግራፉ 125 ላይ ይቁም» አለኝ። በዓይኔ ያየሁትን ነገር ደብቄ መጻፍ ግን አልዋጥልኝ አለ።

ሁለተኛው ጥያቄዬ የላብ አይደለም። ጎረቤታችን እትዬ፣ እንደ ልጃቸው ያሳደጉኝ ናቸው፣ ጡታቸው ላይ ካንሰር ተገኝቶ ኬሞ ጀምረዋል። እናቴ «ልጄ በግራዋ የካንሰር መድኃኒት እየሠራች ነው» ብላ ነግራቸዋለች። ቅዳሜ ቡና ላይ እጄን ይዘው «አንቺ ልጅ፣ ያቺን የምትሠሪያትን ትንሽ ብትሰጪኝ ምን አለበት» አሉኝ። ምን ብዬ እንደመለስኩ አላስታውስም። ምን ልበላቸው?

ፕሌት_አንባቢ ሰኞ ሌሊት

እህቴ እንኳን አላወጣሻቸው። መልሱ ያለው ልታወጪያቸው በነበሩት ሁለት ዶዞች ውስጥ ነው።

እስኪ ኤምቲቲ ምን እንደሚለካ እናስብ። ቢጫ ነገር ትጨምሪያለሽ፣ በሕይወት ያለ ሴል ውስጥ ያሉ ኢንዛይሞች በተለይ ማይቶኮንድሪያ አካባቢ ያሉት ኤሌክትሮን ይሰጡትና ፎርማዛን የሚባል ሐምራዊ ክሪስታል ይሆናል፣ በዲኤምኤስኦ አሟምተሽ 570 ናኖሜትር ላይ በሪደር ታነቢያለሽ። ስለዚህ ሪደሩ ሴል አይቆጥርም፣ ሐምራዊነት ነው የሚቆጥረው። ሐምራዊው ከሴል ይምጣ ከሌላ ነገር ለሱ ያው ነው።

ቅጠልሽ ውስጥ ደግሞ ፍላቮኖይድና ሌሎች ፖሊፌኖሎች ሞልተዋል። እነዚህ ናቸው «አንቲኦክሲደንት» እየተባሉ የሚወደሱት፣ ትርጉሙ ኤሌክትሮን መስጠት ይወዳሉ ነው። ኤምቲቲን ሲያገኙት ለሱም ይሰጡታል! ሴል ሳያስፈልግ ኤክስትራክቱ ራሱ ቢጫውን ሐምራዊ ያረገዋል። ትንሽ ዶዝ ላይ ይሄ አይታይም፣ የሴሉ መሞት ይበልጣል። ዶዙ ከፍ ሲል ሴሉ አልቆም ሐምራዊው ይጨምራል፣ አንቺም ወርዶ የሚወጣ ግራፍ ታገኛለሽ። በዛ ላይ ክሎሮፊሉ የራሱን ቀለም ይጨምርበታል።

ይሄ ከሆነ 125 ላይ ያለው 46 ራሱ አይታመንም። እውነተኛው ምናልባት 30 ነው፣ ምናልባት 20። ግራፉን ቆርጠሽ ብታቀርቢው ንጹህ ይመስል ነበር ግን የቀረውም የተበላሸ ነው።

ደስ የሚለው ይሄን ለማረጋገጥ ሴል አያስፈልግሽም፣ አዲስ አበባ መመለስም አያስፈልግሽም። እዛው ሐዋሳ ኤክስትራክትሽን በየዶዙ ባዶ ሚዲያ ወይ ፒቢኤስ (የጨው ውሃ ነው) ውስጥ አርጊ፣ ሴል የለም፣ ኤምቲቲ ጨምሪ፣ 37 ዲግሪ ላይ አራት ሰዓት አቆይው። ጎን ለጎን ኤክስትራክት ብቻ ያለ ኤምቲቲ፣ ኤምቲቲ ብቻ ያለ ኤክስትራክት። ሐምራዊ ከሆነ በዓይንሽ ታይዋለሽ። ኤምቲቲ ተርፎሻል?

አንድ ጥያቄ ደግሞ፣ ኤምቲቲውን ከመጨመርሽ በፊት ኤክስትራክት ያለበትን ሚዲያ መጥጠሽ ሴሉን በፒቢኤስ አጥበሽ ነበር ወይስ እላዩ ላይ ነው የጨመርሽው?

ከአዳማ_ነው ማክሰኞ ጠዋት

እኔ ስለ ኤምቲቲ የምለው የለኝም ሴል ከልቸር በዓይኔ አይቼ አላውቅም፣ ግን ሁለት ሳምንት ተለምኖ ሴል ላይ ከመሄድ በፊት እዚሁ ሊሠራ የሚችል ነገር እንዳለ ለሚያነቡ ሌሎች ልጆችም ልናገር ብዬ ነው ምክንያቱም እኔ አዳማ ሆኜ ዲግሪዬን የጨረስኩት በሱ ነው።

አንዱ የብራይን ሽሪምፕ ነው። አርቴሚያ የምትባል የጨው ውሃ ፍጥረት፣ እንቁላሏ ደርቆ ይሸጣል ለዓሣ ምግብ፣ ጨው ውሃ ውስጥ ከመብራት ጋር ስታስቀምጡት በ24 በ48 ሰዓት ይፈለፈላል። እኔ የጫማ ካርቶን ግማሹን ሸፍኜ ግማሹን አምፖል አብርቼበት ነበር፣ የተፈለፈሉት ወደ ብርሃኑ ይሰበሰባሉ፣ ከዛ አሥር አሥር እያረጋችሁ በጠብታ መምጠጫ ወደ ብልቃጥ፣ ኤክስትራክቱን በየዶዙ፣ በማግስቱ ስንቱ ሞተ ብላችሁ በአጉሊ መነጽር መቁጠር ነው። ዓይን ያደክማል እንጂ ውድ አይደለም። ግማሹን የሚገድለው መጠን ከ1000 ማይክሮግራም በሚሊ በታች ከሆነ መርዛማ ባዮአክቲቭ ነገር አለው ይባላል። መርዛማ ነው ማለት ነው እንጂ ፀረ ካንሰር ነው ማለት እንዳልሆነ መምህራኖቼ ቴሲሴ ላይ ሦስት ቦታ አስጽፈውኛል ልክ ነበሩ።

ሁለተኛው የድንች ነው ይሄን በጣም ወድጄው ነበር። አግሮባክተሪየም የምትባል ባክቴሪያ ተክል ላይ ዕጢ ታወጣለች፣ የራሷን ዲኤንኤ ተክሉ ውስጥ ከትታ ሴሉ ያለልክ እንዲባዛ ታረገዋለች። ድንቹን አጽድታችሁ እንደ ሳንቲም ክብ ክብ አርጋችሁ ቆርጣችሁ ባክቴሪያውንና ኤክስትራክቱን ጠብ ታረጉበታላችሁ፣ ሁለት ሳምንት ገደማ ጠብቃችሁ አዮዲን ስታፈሱበት ድንቹ ስታርች ስላለው ጥቁር ይሆናል፣ ዕጢው ግን ስታርች የለውም ስለዚህ ጥቁሩ ላይ ፈዛዛ ነጠብጣብ ሆኖ ይታያል፣ ትቆጥሩታላችሁ። ዕጢው የቀነሰው ባክቴሪያዋ ስለሞተች እንዳይሆን ግን ኤክስትራክቱ ባክቴሪያዋን ይገድል እንደሆን ለብቻው መፈተሽ አለበት፣ እኔ መጀመሪያ ይሄን ሳልሠራ ቀርቼ አንድ ወር ደግሜአለሁ።

የግራዋ_ልጅ ረቡዕ ማታ

ፕሌት_አንባቢ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አላጠብኩም። እላዩ ላይ ነው የጨመርኩት፣ ያሳዩኝ እንደዛ ነበር።

ኤምቲቲ ተርፎኝ ነበር፣ ብርሃን እንዳይነካው በፎይል ጠቅልዬ ከአዲስ አበባ በበረዶ አምጥቼው ፍሪዘር ውስጥ ነበር። ዛሬ ከሰዓት እንዳልሽኝ (ወይስ እንዳልከኝ) ሠራሁት። ሴል የለም፣ ፒቢኤስና ኤክስትራክት ብቻ። ኢንኩቤተሩ የባክቴሪያ ነው ግን 37 ይይዛል።

አንድ ሰዓት ሳይሞላ ነው የ500ው መለወጥ የጀመረው። መጀመሪያ አረንጓዴው ጠቆረ፣ ከዛ ከታች በኩል ወይን ጠጅ የሆነ ነገር እንደ ዝቃጭ መቀመጥ ጀመረ። በአራተኛው ሰዓት ዲኤምኤስኦ ጨምሬ ስነቀንቀው የአሥራ ሁለት ዌሉ ረድፍ በሙሉ ከግራ ወደ ቀኝ ከድፍን ሐምራዊ እስከ ቢጫ ደረጃ በደረጃ እየሳሳ ይወርዳል፣ ነጭ ወረቀት ላይ አስቀምጬው ዝም ብዬ ሳየው ቆየሁ። አንድም ሴል የለበትም!! ኤምቲቲ ብቻ ያለበት እንዳለ ቢጫ ነው። ኤክስትራክት ብቻ ያለበት አረንጓዴ ነው።

62.5 ላይም በደንብ ይታያል። 31 ላይ ሲሳሳ እንጃ እላለሁ፣ 15.6 ላይ የለም።

አድቫይዘሬ ቢሮ ፕሌቱን ይዤ ገባሁ። ብዙ ሳይናገር መስኮቱ ጋ ወስዶ አየው፣ አየው፣ «እሺ፣ ይሄ ፎቶ ተነስቶ ቴሲሱ ውስጥ ይግባ» አለኝ። እኔ ልንጫጫ ነበር ተዘጋጅቼ የሄድኩት።

አሁን ግን ምን ላርግ? ተመልሼ ልሂድ? የሚሰጡኝ ቢበዛ አንድ ሳምንት ነው።

ፕሌት_አንባቢ ረቡዕ ሌሊት

(ወንድ ነኝ።) በጣም ጥሩ ሠርተሻል። አንድ ሳምንት ይበቃል፣ ግን በዚህ ጊዜ ኤምቲቲን ዋና አታርጊው።

ኤስአርቢ ሥሪ። ሰልፎሮዳሚን ቢ የሚባል ሮዝ ቀለም ነው፣ የሴሉን ፕሮቲን ነው የሚይዘው፣ ኤሌክትሮን መስጠት መቀበል የሚባል ነገር ስለሌለበት ፖሊፌኖል አያታልለውም። የአሜሪካው ብሔራዊ የካንሰር ተቋም በ60 የሴል ዓይነቶች ላይ ዕፅዋትና ኬሚካል ሲያጣራ ለብዙ ዓመት የተጠቀመው ይሄን ነው። ለኛ አገር ደግሞ ትልቁ ጥቅሙ ምን መሰለሽ፣ 48 ሰዓቱ ሲያልቅ ቀዝቃዛ ቲሲኤ (አሲድ ነው) ጨምረሽ ሴሉን ፕሌቱ ላይ ታደርቂዋለሽ፣ ከዛ በኋላ መብራት ቢጠፋ ባይጠፋ ግድ የለሽም። የደረቀውን ፕሌት ይዘሽ ሐዋሳ መጥተሽ ተረጋግተሽ ቀለሙን መቀባት ትችያለሽ። በ1 ፐርሰንት አሴቲክ አሲድ ትርፉን ታጥቢያለሽ፣ በትሪስ ታሟሚዋለሽ፣ ታነቢያለሽ። ስለዚህ ሳምንቱን በሙሉ ሴል በማሳደግና ዶዝ በመስጠት ብቻ ተጠቀሚበት።

ኤምቲቲንም ከደገምሽው ሚዲያውን መጥጠሽ ሁለቴ በፒቢኤስ ቀስ ብለሽ አጥበሽ ይሁን፣ ሴል አልባውን ኮንትሮል በየፕሌቱ አስገቢ። ዳር ዳር ያሉ ዌሎች ውሃቸው ስለሚተን ፒቢኤስ ሙዪባቸውና ለሙከራ አትጠቀሚባቸው። ኤክስትራክቱን የምታሟሚበት ዲኤምኤስኦ በሁሉም ዌል እኩል ይሁን፣ ከ0.5 ፐርሰንት አይለፍ፣ ኮንትሮሉም እኩል ዲኤምኤስኦ ይኑረው። ዶክሶሩቢሲን የሚባለውን የካንሰር መድኃኒት በጎን አስገቢ፣ እሱ ካልገደለ ፕሌቱ በሙሉ አይታመንም። ደግሞ ሦስት ዌል ሦስት ሙከራ አይደለም! በሦስት የተለያየ ቀን የተሠራ ነው ሦስት የሚባለው። ከመሄድሽ በፊት ሴሉ ማይኮፕላዝማ ለምትባለው ባክቴሪያ ተፈትሾ እንደሆን ጠይቂ፣ በማይክሮስኮፕ አይታይም ግን የኤምቲቲን ቁጥር ያበላሻል።

የዕፅዋት_መምህር ሐሙስ ጠዋት

ልጄ፣ ሥራሽን ሳነብ ደስ አለኝ፣ ስለ ሴሉ ልጆቹ ጨርሰውታል፣ እኔ ስለ ቅጠሉ ልናገር።

ግራዋ ባዶ ቅጠል አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1969 ኩፕቻን የሚባል አሜሪካዊ ኬሚስት ከነባልደረቦቹ ከዚሁ ከግራዋ ሴል የሚገድሉ ሁለት ውሁዶች አውጥቶ አንዱን ቬርኖዳሊን ብሎታል፣ ሰስኩይተርፔን ላክቶን ከሚባሉት መራራ ነገሮች ወገን ናቸው። ስለዚህ «ግራዋ ሴል ይገድላል» ብቻ ብለሽ ብትጽፊ ከሃምሳ ዓመት በላይ ቆይተሻል። ያንቺ ጥያቄ ጠበብ ይበል፣ የትኛው ክፍሉ ነው የሚገድለው፣ ጤነኛውን ሴል ይተዋል ወይስ አብሮ ይፈጃል።

ጋን ስትታጠብ አረፋውን አይተሻል አይደል? ሳፖኒን ነው። ሳፖኒን የሴልን ሽፋን እንደ ሳሙና ይቀደዋል፣ ካንሰር ይሁን የደም ሴል ይሁን አይመርጥም፣ እንዶድም ቀንድ አውጣውን የሚጨርሰው በሱ ነው። ታኒን ደግሞ ያገኘውን ፕሮቲን ሁሉ ይዞ ያረጋዋል። ሁለቱም ፕሌት ላይ «አክቲቭ» ይመስላሉ፣ መድኃኒት ግን አይወጣቸውም። አዲስ አበባ ከመሄድሽ በፊት ድፍድፉን በሴፓራቶሪ ፈነል ከፋፍዪው፣ ሄክሴን፣ ክሎሮፎርም፣ ኢታይል አሴቴት፣ ውሃ። ክሎሮፊሉና ቅባቱ በብዛት ወደ ሄክሴኑ ይሄድልሻል፣ ሳፖኒንና ታኒኑ በብዛት ውሃው ጋ ይቀራል፣ ላክቶኖቹን ክሎሮፎርሙ ውስጥ ፈልጊያቸው። አራት ብልቃጥ ይዘሽ ሂጂ፣ አንድ ሬንጅ ይዘሽ አትሂጂ።

ጤነኛ ሴል የግድ ያስፈልግሻል። ቬሮ የሚባለው የጦጣ ኩላሊት ሴል ብዙ ቦታ አለ፣ ፍጹም ባይሆንም ከምንም ይሻላል። ለቬሮ የሚያስፈልገውን አይሲ-50 (ግማሹን ሴል የሚያስቀረውን መጠን) ለካንሰሩ በሚያስፈልገው አካፍይው፣ ውጤቱ አንድ ከሆነ መርዝ ነው የያዝሽው፣ ሦስትና ከዛ በላይ ከሆነ እንነጋገራለን። ለድፍድፍ ኤክስትራክት ደግሞ ብዙ ሰው የሚቀበለው አይሲ-50ው ከ20 ወይ ከ30 ማይክሮግራም በሚሊ በታች ሲሆን ነው፣ ያንቺ ሲስተካከል የት እንደሚወድቅ እናያለን።

አንድ ታሪክ ልንገርሽ፣ ለተማሪዎቼ ሁሌ የምነግረው ነው። አጣጥን ታውቂያለሽ፣ ያን እሾሃም ቁጥቋጦ። በ1960ዎቹ መጀመሪያ በአውሮፓውያኑ አቆጣጠር አሜሪካኖች ለካንሰር ምርመራ ዕፅዋት ሲሰበስቡ ከኢትዮጵያ የአጣጥ ወገን የሆነ ተክል ወሰዱ። እዛው ኩፕቻን ጋ ደረሰ፣ በ1972 ሜይታንሲን የሚባል ነገር ከውስጡ ወጣ፣ ተክሉ ውስጥ ያለው መጠን ከማነሱ የተነሳ ማውጣቱ ራሱ መከራ ነበር። ፕሌት ላይ በጣም በትንሽ መጠን የሚገድል ኃይለኛ ነገር ነበር። በሽተኞች ላይ ሲሞከር ግን ጤናውንም ሴል አብሮ መታ፣ ሆድና ነርቭ ጎዳ፣ ተጣለ። ፕሌት ላይ አንበሳ የነበረው ሰው ላይ ወደቀ ማለት ነው። ከብዙ ዓመት በኋላ ነው ሰዎች ከሱ የተሠራ ነገር የካንሰሩን ሴል ለይቶ ከሚይዝ አንቲቦዲ ጋር ያጣበቁት፣ አንቲቦዲው ተሸክሞት ካንሰሩ ሴል ውስጥ ገብቶ ያራግፈዋል። በ2013 አሜሪካ ውስጥ ኸር-2 የሚባል ፕሮቲን ለበዛበት የጡት ካንሰር ተፈቀደ፣ ዛሬ ለመድኃኒቱ መነሻ የሚሆነውም ከቅጠል ሳይሆን ከባክቴሪያ ነው የሚመረተው። ቆጥሪው እስኪ፣ ከቁጥቋጦው እስከ በሽተኛዋ ሃምሳ ዓመት ነው። እኔ ይህን የምነግርሽ ተስፋ እንድትቆርጪ አይደለም፣ ከኛ መሬት የወጣ ነገር ዛሬ የጡት ካንሰር ያለባቸው ሴቶች ክንድ ውስጥ እየገባ ነው፣ ይሄ ያኮራኛል። ግን ሥራውን የጨረሱት ሌሎች ናቸው፣ ያ ደግሞ ያንገበግበኛል። ስለዚህ ናሙናሽን አድርቀሽ አራት ኪሎ ብሔራዊ ሄርባሪየም (የደረቁ ዕፅዋት የሚቀመጡበት) አስመዝግቢ፣ ኤክስትራክት ወደ ውጭ ላብ ልላክ ካልሽም በአዋጅ ቁጥር 482/1998 መሠረት ፈቃድ ያስፈልጋል፣ ሻንጣ ውስጥ ከትቶ መሄድ የለም።

ነርስ_ሐይቅ_ዳር (ሐዋሳ) ሐሙስ ማታ

የላቡን ወሬ ሁሉ አነበብኩት ግማሹም ገብቶኛል፣ ግን ሁለተኛውን ጥያቄሽን ሰው ሁሉ አልፎታል። እኔ ኬሞ የምሰጥ ነርስ ነኝ።

እትዬን «አይሆንም» ብለሽ ብቻ አትመልሻቸው። እንደዛ ሲባሉ ይሰማሉ፣ ዝም ይላሉ፣ ከዛ ማንም ሳያያቸው ከጓሮ ቀጥፈው ይጠጣሉ። በዓይኔ ያየሁት ነው። አንዲት እናት በየዙሩ የጉበቷ ቁጥር ምርመራ ላይ ከፍ እያለ ኬሞው ሁለት ጊዜ ተላለፈባት፣ እኛ መድኃኒቱ ነው ብለን ስንጨነቅ አንድ ቀን ልጇ ፔርሙዙን ስትከፍተው ምን የመሰለ የተቀቀለ ቅጠል። ምን ቅጠል እንደነበር እስከዛሬ አናውቅም። ጉዳቱ ከሱ ይሁን ከመድኃኒቱ ለይተን መናገር አልቻልንም፣ ያባከነችው ግን ስድስት ሳምንት ነው። ያቺን እናት የተቆጣት ሰው ነበር፣ ከዛ በኋላ ምንም ነገር አትነግረንም ነበር።

ጉበት ነው ነገሩ። ኬሞውንም ቅጠሉንም የሚያጣራው አንድ ጉበት ነው፣ አንዱ ሌላውን ሊያዘገየው ወይ ሊያፋጥነው ይችላል። ሴንት ጆንስ ወርት የሚባል ፈረንጆች ለድብርት የሚጠጡት ቅጠል ኢሪኖቴካን ከሚባለው የካንሰር መድኃኒት ሰውነት ውስጥ የሚወጣውን፣ ካንሰሩን የሚመታውን ነገር በደም ውስጥ መጠኑን እንደሚያወርደው የታወቀ ነው። ሰውየው መድኃኒት እየወሰድኩ ነው ይላል፣ መድኃኒቱ ግን አልደረሰም።

እኔ ብሆን እንዲህ ነበር የምላቸው። እትዬ፣ እኔ የሠራሁት ቅጠሉን ብልቃጥ ውስጥ ላለ ሴል ነው፣ ሰው ላይ ስንት እንደሚሰጥ፣ ምን እንደሚያረግ ገና የማውቀው ነገር የለም፣ እስካውቅ ድረስ ለርስዎ አልሰጥም ምክንያቱም እወድዎታለሁ። የሚወስዱት ማንኛውም ነገር ካለ ዳማከሴም ይሁን ጤና አዳም ይሁን ጥቁር አዝሙድም ይሁን ለሐኪሙ እንንገር፣ እኔ አብሬዎት እገባለሁ። አብሬዎት የሚለው ነው ዋናው። ደግሞ ቅጠል የሚያስመኛቸው ምን እንደሆነ ጠይቂያቸው፣ ብዙ ጊዜ ማቅለሽለሹ ነው ወይ የአፍ ቁስሉ ነው፣ ለሱ እኮ መድኃኒት አለው፣ ሳይናገሩ ነው የሚሰቃዩት።

ቅጠል ይናቃል እያልኩ እንዳይመስልሽ። እያንዳንዱ ግቢ ውስጥ ያለችው ሮዝና ነጭ የምታብበው ቪንካ አለች አይደል፣ ቪንክሪስቲን የሚወጣው ከሷ ነው፣ የደም ካንሰር ያለባቸውን ሕፃናት የምናክምበት። ለትልቅ ሰው እንኳን በአብዛኛው በአንድ ጊዜ ከ2 ሚሊግራም አናሳልፍም። ሚሊግራም! ያቺን ስሰጥ እጄ እንዳይሳሳት ሁለት ሰው ሆነን ነው የምናነበው። በቡና ስኒ የሚለካ ነገር አይደለም።

የግራዋ_ልጅ እሑድ ማታ

ለሁላችሁም አንድ ላይ ልመልስ።

መምህር፣ አራቱን ብልቃጥ ጀምሬአለሁ። ፈነሉ ውስጥ ሄክሴኑ ከላይ ሲቀመጥ አረንጓዴው ሁሉ ወደሱ ሲወጣ ሳይ እንደ ልጅ ደስ አለኝ። ክሎሮፎርሙ ደርቆ ቢጫ ቡናማ ሆነ፣ ከሁሉ መራራ የሚሸተው እሱ ነው። ሴል አልባውን ኮንትሮል በአራቱም ላይ ሞከርኩት፣ በጣም ሐምራዊ የሚያረጉት ኢታይል አሴቴቱና ውሃው ናቸው፣ ክሎሮፎርሙ ትንሽ ብቻ። እኔ ያኔ ቁጥሬን ያበላሸውና ሴሉን የገደለው አንድ ነገር ይመስለኝ ነበር፣ አሁን የተለያዩ ሳይሆኑ አይቀሩም። ናሙናው ለሄርባሪየም ተጭኖ እየደረቀ ነው፣ አበባ ያለበትን ቅርንጫፍ ለማግኘት አያቴ ጋ ደግሜ ሄድኩ፣ «ለጋን ማጠቢያ ምን አበባ አስፈለገሽ» እያለች ቆረጠችልኝ።

ነርሷ፣ ዛሬ ከቤተክርስቲያን መልስ እትዬ ጋ ሄድኩ። ያልሽኝን በቃሌ አጥንቼው ነበር ግን ፊታቸውን ሳይ ጠፋብኝ። በስልኬ ያነሳሁትን የዛን ረድፍ ፕሌት ፎቶ አሳየኋቸው። «እዩ እትዬ፣ እዚህ ውስጥ ሴል የለም፣ ቅጠሉ ብቻ ነው፣ ግን ማሽኑ ሴሉ አለ ይላል። እኔ ራሴን ቅጠሉ እንዲህ አታሎኝ ነበር፣ እንዴት አርጌ ለርስዎ እሰጣለሁ» አልኳቸው። ረጅም ሰዓት ዝም አሉ። ከዛ ሳላስበው ተነስተው ከአልጋው ሥር ጀሪካን አወጡ። ግማሽ ድረስ ነው። ከሁለተኛው ዙር ጀምሮ ጠዋት ጠዋት አንድ ብርጭቆ ሲጠጡ ነበር፣ ለእናቴም አልነገሯት። የኔ የምትሠራው ቢጨመርበት ይበረታል ብለው ነው ለካ የጠየቁኝ።

አልተቆጣሁም። ምን እንደሚያስቸግራቸው ጠየቅኳቸው፣ አፋቸው ውስጥ ቆስሎ እህል መዋጥ አቅቷቸዋል፣ ግራዋው ያጸዳልኛል ብለው ነው። ሦስተኛው ዙር ረቡዕ ነው። ከጀሪካኑ ትንሽ በጠርሙስ ቀድተን ይዘን እንገባለን ተባብለናል፣ ለሐኪሙ የምናገረው እኔ ነኝ ቅጠሉን ስለማውቀው።

ነርስ_ሐይቅ_ዳር እሑድ ሌሊት

ጎበዝ። ጠርሙሱን ብቻ ሳይሆን ቀኑንም ጻፊ፣ መቼ ጀመሩ፣ በቀን ስንት፣ ለመጨረሻ ጊዜ መቼ ጠጡ። ረቡዕ ድረስ እንዳይጠጡ፣ የጉበት ምርመራው ከኬሞው በፊት እንዲታይላቸው ጠይቂ። የአፍ ቁስሉን መጀመሪያ ተናገሪ፣ ወደ መጨረሻ ካዘገየሽው ሰዓት ያልቅና ይረሳል።

ፕሌት_አንባቢ ሰኞ ጠዋት

የክሎሮፎርሙን ብልቃጥ ክዳኑን በፓራፊልም ጠቅልለሽ ፍሪዘር ውስጥ አስቀምጪው፣ ላክቶኖቹ ቢበላሹ ሥራው ሁሉ ገደል ገባ ማለት ነው። ኤስአርቢ ዱቄት ትንሽ አለኝ፣ ለስድስት ሰባት ፕሌት ይበቃል። አዲስ አበባ የምትገቢበትን ቀን በውስጥ መስመር ጻፊልኝ፣ አደርስልሻለሁ።